የጥንት ትረካ በካርቱን ፊልም፤ የ«ሙላን» ታሪክ ለግብረ ገብ ትምህርት ያለው ጠቀሜታና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

መግቢያ

ተረትና አፈ ታሪክ ከመጽሐፍና ከትምህርት ቤት በፊት የነበሩ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ናቸው። በአገራችን ልጆች በምሽት እሳት ዙሪያ ተቀምጠው፣ ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት» እያሉ በመቀበል ብዙ ቁም ነገር ቀስመዋል። ቴሌቪዥን ከገባ በኋላም አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ልጆችን በዙሪያቸው ሰብስበው ይህንኑ ልማድ በአዲሱ መሣሪያ ለብዙ ዓመታት አስቀጥለዋል። በእሳቱ ዳርም ሆነ በቴሌቪዥኑ መስኮት አንድ ያልተለወጠ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ተራኪው በግልጽ የሚታይ፣ ዕድሜና ስም ያለው፣ ለተናገረው ነገር ኃላፊነት የሚሰማው ሰው መሆኑ ነው።

የካርቱን ፊልም ይህን ሁኔታ ለውጦታል። በካርቱን ፊልም ታሪኩ ራሱን በራሱ የሚናገር ይመስላል፤ ተራኪው አይታይም። ልጁ የሚያየው ነገር በሰዎች ተመርጦና ተሠርቶ የቀረበ መሆኑን አይገነዘብም። ከዚህም የተነሣ መምህሩ ፊልም አሳይቶ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ፊልሙ ራሱ በቃልና በዘፈን የነገራቸውን ከመድገም ላያልፍ ይችላል። ይህ ደግሞ ቃልን ማስታወስ እንጂ ስለ መልካምና ክፉ ማሰብ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የታወቀ ምሳሌ በመውሰድ፣ ጥንታዊ ትረካ ወደ ካርቱን ፊልም ሲለወጥ ምን እንደሚጨመርበትና ምን እንደሚቀነስበት ማስረዳት፣ ከዚያም መምህራን ይህን ልዩነት ራሱን የትምህርት ርእስ ሊያደርጉት የሚችሉበትን መንገድ ማመልከት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ሙላን የምትባለው ቻይናዊት ልጃገረድ ታሪክ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ጥንታዊው ግጥም እስከ ዛሬ ስላለ፣ ፊልሙም በሰፊው ስለሚታወቅ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ስለሚቻል ነው።

1. ጥንታዊው ትረካ

የሙላን ታሪክ መጀመሪያ የሚገኘው በሰሜን ቻይና በተገጠመ አጭር የሕዝብ ግጥም ነው። ሊቃውንት ግጥሙን በአብዛኛው ከሰሜን ዌይ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 386–534) ጋር ያያይዙታል። እስከ እኛ የደረሰው በኋላ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በተጠናቀረ ትልቅ የግጥም ስብስብ ውስጥ ተመዝግቦ ነው። ርዝመቱ ከስድሳ ስንኞች እምብዛም አይበልጥም፤ ዛሬም በቻይና ትምህርት ቤቶች ይጠናል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። አንዲት ልጃገረድ በቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ትሸምናለች፤ ነገር ግን የሚሰማው የመወርወሪያው ድምፅ ሳይሆን የእርሷ ትካዜ ነው። ምን እንደምታስብ ስትጠየቅ፣ የክተት አዋጅ መታወጁንና በአሥራ ሁለቱም የስም ጥቅልሎች ላይ የአባቷ ስም መገኘቱን ትናገራለች። አባቷ ለጦርነት የደረሰ ወንድ ልጅ የለውም፤ እርሷም ታላቅ ወንድም የላትም። ስለዚህ በአባቷ ፈንታ ለመዝመት ትወስናለች። ከአንዱ ገበያ ፈረስ፣ ከሌላው ኮርቻ፣ ከሌላው ልጓም፣ ከአራተኛው አለንጋ ትገዛለች። ጎሕ ሲቀድ ከወላጆቿ ተለይታ ትሄዳለች፤ ማታ በቢጫው ወንዝ ዳር ስታድር የወላጆቿ ጥሪ አይሰማትም፤ የሚሰማት የወንዙ ፍሰት ብቻ ነው።

ጦርነቱ ራሱ በጥቂት ስንኞች ያልፋል። ብዙ አዛዦች ይሞታሉ፤ የተረፉት ከብዙ ዓመታት በኋላ ይመለሳሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሙላንን ሊሸልማትና ሊሾማት ሲፈልግ፣ ሹመቱን ትታ ወደ አገሯ የሚያደርሳት ፈጣን መጓጓዣ ብቻ ትለምናለች። ወላጆቿ ተደጋግፈው ሊቀበሏት ይወጣሉ፤ እኅቷ ታጌጣለች፤ ታናሽ ወንድሟም ለድግስ የሚታረደውን ከብት ለማረድ ቢላዋ ይስላል። ሙላን የጦር ልብሷን አውልቃ የቀድሞ ቀሚሷን ትለብሳለች፤ ጸጉሯን አበጥራ ትወጣለች። ለአሥራ ሁለት ዓመት አብረዋት የዘመቱት ጓደኞቿም ሴት መሆኗን ያን ጊዜ አይተው ይደነቃሉ። ግጥሙ የሚዘጋው ወንዱና ሴቷ ጥንቸል ጎን ለጎን ሲሮጡ ማን ለይቶ ሊያውቃቸው ይችላል በሚል ምሳሌ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ግጥሙ ምክር የሚባል ነገር የሌለው መሆኑ ነው። «ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን አክብሩ» ወይም «ሴት ከወንድ አታንስም» አይልም። አድራጎቱን አሳይቶ ፍርዱን ለሰሚው ይተዋል።

2. ትረካው በየዘመኑ ያገኘው መልክ

ጥንታዊው ግጥም ፍርዱን ለሰሚው በመተዉ፣ በኋላ የመጣ እያንዳንዱ ተራኪ የራሱን ዘመን ሐሳብ አክሎበታል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ደራሲ ሹ ዌይ ታሪኩን ወደ ተውኔት ሲለውጠው፣ በዘመኑ የነበረውን የሴቶችን እግር የማሰር ልማድ አስገብቶበታል፤ መጨረሻውንም በሙላን ጋብቻ ዘግቶታል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቹ ሬንሁዎ በጻፈው ረጅም ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ሙላን የገዥ ቁባት እንድትሆን ስትገደድ ራሷን ታጠፋለች። እ.ኤ.አ. በ1939 ሻንግሃይ ከተማ በጃፓን ጦር ተከባ በነበረችበት ጊዜ የተሠራው ፊልም ታሪኩን አገርን ከወራሪ የመከላከል ጥሪ አድርጎ አቅርቦታል፤ ተመልካቹም የተረዳው እንዲሁ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው የአንድ ትረካ የግብረ ገብ ትምህርት በትረካው ውስጥ እንደ ማዕድን ተቀብሮ የሚገኝ ቋሚ ነገር አለመሆኑን ነው። ተራኪው በሚመርጠው፣ በሚተወውና በሚጨምረው ነገር ይሠራዋል። ስለሆነም የካርቱን ፊልሙ ታሪኩን መለወጡ እንግዳ ነገር ወይም ጥፋት አይደለም። ጥያቄው የለወጠው ምኑን ነው፣ በለውጡስ ምን ለማስተማር ፈለገ የሚለው ነው።

3. የካርቱን ፊልሙ ይዘት

የዋልት ዲስኒ ኩባንያ «ሙላን» የተባለውን የካርቱን ፊልም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አዘጋጆቹ ቶኒ ባንክሮፍትና ባሪ ኩክ ሲሆኑ፣ ፊልሙ 88 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ያው ኩባንያ ታሪኩን በሰው ተዋንያን በድጋሚ አውጥቶታል፤ የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን በመጀመሪያው ላይ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ሙላን ለትዳር በሚያገናኝ ባለሙያ ሴት ፊት ቀርባ፣ ሥርዓቱን በማበላሸቷ ቤተ ሰቧን ያሳፈረች ልጅ ሆና ትጀምራለች። የሰሜን ወራሪዎች በሻን ዩ መሪነት ታላቁን ግንብ ተሻግረው ሲገቡ፣ ከየቤቱ አንድ ወንድ እንዲዘምት ይታዘዛል። አባቷ በቀድሞ ጦርነት የቆሰለና በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ነው። ሙላን በሌሊት ጸጉሯን በሰይፍ ቆርጣ፣ የአባቷን ጥሩር ለብሳ፣ ማንም ሳያውቅ ትጠፋለች። የቤተ ሰቡ የቀድሞ አያቶች መናፍስት ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ሙሹ የተባለ ትንሽና አስቂኝ ዘንዶ ሊረዳት ይከተላታል፤ ለዕድል ተብላ የተያዘች ፌንጣም አብራ ትሄዳለች።

በጦር ሰፈር በአዛዡ በሊ ሻንግ ሥር ትሠለጥናለች። በተራራው ውጊያ አንድ የባሩድ ሮኬት በጠላት ላይ ሳይሆን በበረዷማው ተራራ ላይ ተኩሳ፣ በበረዶ ናዳ የጠላትን ጦር ትቀብራለች። በዚያው ስለቆሰለች ሴትነቷ ይታወቃል። በሕጉ መሠረት መገደል ሲገባት፣ ሕይወቱን ያዳነችለት አዛዥ ምሯት በተራራው ላይ ትቷት ይሄዳል። ከናዳው የተረፉት ጠላቶች ወደ ዋና ከተማ መገስገሣቸውን አይታ ልታስጠነቅቅ ብትሄድም የሚሰማት አታገኝም። በመጨረሻ በብልኀቷ ንጉሠ ነገሥቱን ታድናለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሕዝብ ፊት እጅ ይነሣታል። የቀረበላትን ሹመት ትታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያመጣችውን ሽልማት ለአባቷ ታቀርባለች፤ አባቷ ግን ሽልማቱን ወደ ጎን ጥሎ ልጁን ያቅፋል።

4. የካርቱን ፊልም ትምህርቱን የሚያስተላልፍበት መንገድ

መምህሩ የካርቱን ፊልምን ከሌላ ፊልም የሚለየውን አንድ ዋና ባሕርይ ማወቅ ይኖርበታል። በካሜራ በሚነሣ ፊልም ውስጥ ያልታሰበ ነገር ሊገባ ይችላል፤ ነፋስ ቅጠል ያንቀሳቅሳል፣ ወፍ ታልፋለች። በካርቱን ፊልም ግን አንድ ሰው ወስኖ ካላስገባው በቀር ምንም ነገር አይታይም። በሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ስለሚያልፉ፣ በ88 ደቂቃ ውስጥ ከ126,000 በላይ ምስሎች በዓይን ፊት ያልፋሉ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የአንድ ሰው ዓይን ቀለም፣ የሰማዩ ጥቁረት፣ የአንዲት አሻንጉሊት መውደቅ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ነው። ስለዚህ «ለምን እንዲህ ተሣለ?» የሚለው ጥያቄ በካርቱን ፊልም ፊት ሁልጊዜ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ፊልሙ ትምህርቱን የሚያስተላልፈው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በቃል ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ፣ አባትየውና የአያቶቹ መናፍስት ስለ ክብር በግልጽ ይናገራሉ። ሁለተኛው በዘፈን ነው፤ ዜማ ያለው ቃል በልጅ አእምሮ ውስጥ ከንግግር ይልቅ ስለሚቆይ ኃይሉ ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በሥዕል ብቻ የሚተላለፈው ነው።

ለሦስተኛው መንገድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የምሰሶው ክፍል ነው። አዛዡ በረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ ፍላጻ ይተክልና፣ ወታደሮቹ ሁለት ከባድ ክብደቶች በእጆቻቸው ታስረው ወጥተው እንዲያወርዱት ያዛል። ሁሉም ይወድቃሉ። ሙላን ብዙ ከሞከረች በኋላ ሁለቱን ክብደቶች በምሰሶው ዙሪያ አጠላልፋ፣ እንደ ገመድ እየተጠቀመችባቸው ትወጣለች። የሚጎትታት ሸክም የሚያወጣት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ ይህን ነገር በቃል የሚያብራራ ማንም የለም። ከዚያም ወደ መጨረሻው ሦስት ጓደኞቿ የሴት ልብስ ለብሰው የቤተ መንግሥቱን ምሰሶዎች በመቀነታቸው ሲወጡ ያው ዘዴ ይደገማል። ይህን ዝምድና በራሱ ያስተዋለ ተማሪ፣ አሥር ምክር ከሰማ ተማሪ የበለጠ ተምሯል።

5. ሦስት ዋና ዋና ለውጦች

ሀ. መሰናበትና መሰወር

በግጥሙ ሙላን ፈረስና ኮርቻ በግልጽ ገበያ ትገዛለች፤ ጎሕ ሲቀድ ከወላጆቿ ትለያለች። ስለ መሰወር የሚናገር ቃል የለም፤ ጉዳዩ የቤተ ሰቡ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በፊልሙ ግን አባቷ ተቆጥቷት ከማዕድ ከተነሣች በኋላ፣ በሌሊት ጥሩሩን ወስዳ ትጠፋለች። በዚህ ለውጥ የታሪኩ ጭብጥ ከቤተ ሰብ ግዴታ ወደ አንዲት ልጅ የግል ውሳኔ ተዛውሯል።

ለግብረ ገብ ትምህርት ይህ እጅግ ጠቃሚ ነጥብ ነው። ወላጅን ለማዳን ሲባል ወላጅን መዋሸት ይገባልን? ልጅቷ አባቷን አከበረችው ወይስ ናቀችው? አባትየው የሚዘምተው ክብሩን ለመጠበቅ ከሆነ፣ እርሷ ሕይወቱን ስታድን ክብሩን ነጠቀችውን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ልጆች የተለያየ መልስ እንደሚሰጡ መጠበቅ ይገባል። መምህሩ ፊልሙ ያለቀው በመተቃቀፍ ስለሆነ ብቻ ጥያቄው ተፈቷል ብሎ ማለፍ የለበትም። መጨረሻው ስላማረ መንገዱ ሁሉ ትክክል ነበረ ብሎ መደምደም ልጆችን ለተሳሳተ አስተሳሰብ ያጋልጣል።

ለ. መታወቅና አለመታወቅ

በግጥሙ ሙላን ለአሥራ ሁለት ዓመት አልታወቀችም። የታወቀችው ራሷ በፈለገችበት ሰዓት፣ በገዛ ቤቷ፣ የራሷን ልብስ ለብሳ በመውጣቷ ነው። በፊልሙ ግን ቆስላ ሳትወድ ትገለጣለች፤ ትዋረዳለች፤ ከዚያም በድጋሚ ራሷን አስመስክራ በሕዝብ ፊት ትከበራለች።

ፊልሙ ያስገባው ለውጥ የራሱ ጥንካሬ አለው። ተራራው ላይ ያዳነቻቸው ሰዎች ሴትነቷን ባወቁ ጊዜ፣ ትላንት የሰሙትን ቃሏን ዛሬ አይሰሙም። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የተናጋሪዋ ማንነት ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ የሴት ተማሪ መልስ ችላ ተብሎ ያው መልስ በወንድ ተማሪ ሲደገም የሚመሰገንበት ጊዜ መኖሩን የሚያውቅ መምህር፣ ይህን ክፍል በቀላሉ አያልፈውም። በአንጻሩ ግን ፊልሙ አንድ አደገኛ ሐሳብም ሊያስይዝ ይችላል፤ ይኸውም ሴት ልጅ የምትከበረው አገር ስታድን ብቻ ነው የሚል ነው። አባትየው ሽልማቱን ጥሎ ልጁን ማቀፉ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። መምህሩ የንጉሠ ነገሥቱን እጅ መንሣትና የአባትየውን ማቀፍ አነጻጽረው ልዩነቱን እንዲናገሩ ተማሪዎቹን ሊጋብዝ ይገባል፤ አንደኛው ላደረገችው ነገር የተሰጠ ክብር ነው፤ ሁለተኛው ልጅ በመሆኗ ብቻ የተሰጠ ነው።

ሐ. የጠላት መልክ

በግጥሙ ስለ ጠላት የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ በሩቅ ተራራ የፈረሶቹ ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ከዚህም በላይ ግጥሙ የሙላንን ንጉሥ «ካን» ብሎ ይጠራዋል። ይህ የሰሜን ሜዳ ፈረሰኛ ሕዝቦች የገዥ መጠሪያ ነው። የሰሜን ዌይን መንግሥት የመሠረቱትም ከእነዚሁ ሕዝቦች የወጡ ሲሆኑ፣ ይዋጉ የነበረውም በአመዛኙ ከሌሎች የሜዳ ፈረሰኞች ጋር ነበር። ስለዚህ በጥንታዊው ታሪክ ወገንና ጠላት ፍጹም የተለያዩ ፍጡራን አይደሉም።

በፊልሙ ግን የጠላት መሪ ዓይኑ ቢጫ፣ ቆዳው አመድማ ነው። በበረዶው ተራራ የሚወርዱት ወደ 2,000 የሚጠጉ ፈረሰኞች በኮምፒዩተር ርዳታ የተባዙ ናቸው፤ ከጥቂቶቹ በቀር መልክ የላቸውም። በተቃጠለው መንደር ውስጥ የተገኘችው የሕፃን አሻንጉሊት የወገንን ሐዘን በሚገባ ታሳያለች፤ በናዳው ለተቀበሩት ግን ሐዘን የሚያሳይ አንድም ምስል የለም። ልጆች በዚህ ሰዓት ሊያጨበጭቡ ይችላሉ። መምህሩ ሊቆጣቸው አይገባም፤ ነገር ግን ፊልሙን አቁሞ «እነዚህ ሰዎች ቤት ያላቸው ይመስላችኋል? ለምን ፊታቸው አልተሣለም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሰው ፊት የሌለው ጠላት በሥዕል መሥራት ቀላል ነው፤ ልጁ ግን በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሰው አያገኝም። ከሦስቱ ለውጦች ውስጥ የመምህሩን ጣልቃ መግባት ከሁሉ ይልቅ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ምንም የሚለው ነገር የለም።

6. በክፍል ውስጥ ሊከተሉት የሚገባ አቀራረብ

ፊልሙ ከሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት በላይ ስለሚወስድ ሙሉውን ማሳየት አስፈላጊም አመቺም አይደለም። የሚከተለው አቀራረብ በሦስት ክፍለ ጊዜያት ሊፈጸም ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ፊልሙን ሳያነሣ ጥንታዊውን ታሪክ በቃሉ ይተርካል። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው መልሰው ይተርኩታል፤ ከዚያም ሙላን በልባቸው የታየቻቸውን ይሥላሉ። ይህ ቅደም ተከተል ዋና ነገር ነው። የፊልሙን ሥዕል አስቀድሞ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ የራሱን ሥዕል ለመፍጠር ይቸገራል።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከፊልሙ ሦስት አጫጭር ክፍሎች ብቻ ይታያሉ፤ እነርሱም የሌሊቱ ጉዞ፣ የምሰሶው ሥልጠናና ወደ አባቷ የተመለሰችበት ክፍል ናቸው። የሌሊቱ ጉዞ ክፍል መጀመሪያ ድምፁ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ ከድምፁ ጋር ቢታይ፣ ሙዚቃው በስሜታቸው ላይ ምን እንደሚሠራ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ከሆነ መምህሩ አስቀድሞ ፍሬ ነገሩን በትምህርቱ ቋንቋ መንገር አለበት። በላይኛዎቹ ክፍሎች የናዳው ክፍል ሊጨመር ይችላል።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምዶች ይሠመራሉ፤ በአንዱ ከመምህሩ የሰሙት፣ በሌላው በፊልሙ ያዩት ይጻፋል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ልዩነት «ይህን የለወጠው ሰው ምን እንድናምን ፈለገ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። በምዘና ጊዜ ማርክ የሚሰጠው ተማሪው ለደረሰበት መደምደሚያ ሳይሆን ለመደምደሚያው ላቀረበው ምክንያት መሆን አለበት። አንዱ ተማሪ ሙላን ልክ ነች፣ ሌላው ልክ አይደለችም ቢሉና ሁለቱም ከታሪኩ ማስረጃ ቢያቀርቡ ሁለቱም ሙሉ ማርክ ይገባቸዋል።

በውይይቱ ላይ ተማሪዎች እቴጌ ጣይቱን እንደ ምሳሌ ሊያነሡ ይችላሉ። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው በግልጽ የዘመቱ ናቸው፤ ይህም በዘመኑ ሰዎች የተመሰከረ ታሪክ ነው። ሙላን ግን በእርግጥ መኖሯ ያልተረጋገጠ የአፈ ታሪክ ሰው ናት። አፈ ታሪክ ሰዎች ምን እንደተመኙና ምን እንደፈሩ ይነግረናል፤ ታሪክ ደግሞ በማስረጃ ላይ ተመሥርቶ የሆነውን ይነግረናል። ተማሪዎች ይህን ልዩነት ከተገነዘቡ ትምህርቱ ከግብረ ገብም አልፎ ለታሪክ ትምህርት ያገለግላል።

የፊልም ማሳያ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ከዚህ ሥራ ውጭ መሆን የለባቸውም። መምህሩ ታሪኩን በሁለት መልክ፣ አንድ ጊዜ እንደ ግጥሙ፣ ሌላ ጊዜ እንደ ፊልሙ ቢተርክ ንጽጽሩ ይፈጸማል። ለቤት ሥራም ተማሪዎች አንድ የአካባቢያቸውን ተረት ከሁለት አዋቂዎች ሰምተው ልዩነቱን መዝግበው እንዲመጡ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህን ለመፈጸም ከጆሮና ከእርሳስ በቀር መሣሪያ አያስፈልግም።

7. ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

አንደኛ፣ የካርቱን ፊልም ለትምህርት ቤት ሲመረጥ «መልካም ምክር አለውን?» የሚለው መመዘኛ ብቻውን በቂ አይደለም። ታሪኩ ከሌላ አነጋገር ጋር ሊነጻጸር ይችላልን? ጠላት ተብሎ የቀረበው ሰው እንዴት ተሥሏል? በቃል ያልተነገረ፣ ልጁ ራሱ የሚደርስበት ነገር አለበትን? የሚሉ ጥያቄዎች ሊጨመሩ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ፊልም ከመምህር መምሪያ ተለይቶ መሠራጨት የለበትም። መምሪያው የትኞቹ ክፍሎች እንደሚታዩ፣ የት ላይ እንደሚቆምና ምን እንደሚጠየቅ ቢገልጽ፣ ልምድ የሌለው መምህርም ሥራውን በሚገባ ሊያከናውን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የአገራችን ተረቶች ወደ ካርቱን ፊልም በሚለወጡበት ጊዜ፣ ከመሣሉ በፊት በልዩ ልዩ አካባቢዎችና ቋንቋዎች የሚነገሩት የአንዱ ተረት መልኮች ተሰብስበው መመዝገብ አለባቸው። አንድ ተረት አንዴ ከተሣለና በየቤቱ ከታየ በኋላ፣ የተሣለው መልክ ሌሎቹን ሊያስረሳ ይችላል። የሙላንን ፊልም ማነጻጸር የተቻለው ጥንታዊው ግጥም ተጽፎ በመገኘቱ ነው። ያልተጻፈ ተረት ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ የካርቱን ፊልም ጥንታዊ ትረካን ለልጆች የሚያቀርብ ኃይለኛ መሣሪያ ነው። ኃይሉ ግን ተራኪውን በመሰወሩ ላይ ጭምር የተመሠረተ ስለሆነ፣ ልጁ የሚነገረውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ሊቀበል ይችላል። የመምህሩ ሥራ ይህን የተሰወረ ተራኪ ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። ይህም የሚሆነው ፊልሙን በመንቀፍ ወይም በማወደስ ሳይሆን፣ አሮጌውንና አዲሱን አነጋገር ጎን ለጎን አስቀምጦ በመጠየቅ ነው።

በእሳቱ ዳር የተቀመጠ ልጅ «አያቴ፣ ለምን እንዲህ አደረገች?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ መልስም ያገኝ ነበር። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ሊሰማ አይችልም። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ግን ይሰማል፤ ስለዚህም ጥያቄው እንዲጠየቅ ጊዜና ቦታ መስጠት ከማሳያው መሣሪያ በፊት መታቀድ ያለበት ነገር ነው።